«ሦስት ጊዜ አስታረቅኳቸው፤ ለምን ይመታታል?»

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የ64 ዓመት አባት ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሰፈራቸው ዕድር ዳኛም ናቸው። ረዘም ያለውን ደብዳቤያቸውን አሳጥሬ ላቅርበው።

«የሟች ወንድሜ ልጅ ካገባች ሰባት ዓመቷ ነው። የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አላቸው። ባሏ ባንክ ቤት ይሠራል፤ ዲግሪ አለው። አይጠጣም፣ አይቅምም፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማል። ለሰው ሰላምታ የሚሰጠው ጎንበስ ብሎ ነው። ግን ደሙ ቶሎ ይፈላል። እሷም አፏ ትንሽ ኃይለኛ ነው። መጀመሪያ በትንሽ ነገር ተጣሉ፤ አስታረቅን። ሁለተኛ ጊዜ ተጋጭተው ከንፈሯ ደማ፤ አስታረቅን። ሦስተኛ ጊዜ ከደረጃ ወደቀች፤ አስታረቅን። ባለፈው ወር ግን እጇን ሰበረው። አሜሪካ ያለችው አክስቷ ሳትቀር ‹ለልጅሽ ስትይ ቻይው› እያለቻት ነው። ዘመድ ሁሉ ለእሁድ ሽማግሌ ሰብስብ ይለኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የተማረ፣ የማይጠጣ ሰው ለምን ሚስቱን ይመታል? እኛስ ጥፋት አለብን? እሁድስ ምን ልበል?»

ጋሼ፣ «እኛስ ጥፋት አለብን?» ብለው መጠየቅዎን ከልቤ አከብራለሁ። በማህበራዊ ሥራ ሙያ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የተደበደቡ ሴቶችን አነጋግሬያለሁ። የደበደቡ ባሎችንም አነጋግሬያለሁ። ሽማግሌ ሆኖ ይህን የጠየቀኝ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ አላባብልዎትም። የማውቀውን በግልጽ እነግርዎታለሁ።

ከ«ደሙ ቶሎ ይፈላል» ልጀምር። ይህን አባባል ከሁሉም ወገን እሰማዋለሁ። ከባሎች፣ ከእናቶች፣ ከተመቱት ሴቶችም ጭምር። ንዴት እንደ ወባ ድንገት የሚይዝ፣ ሰውየው የማያዝበት ነገር ይመስላል። ከዓመታት በፊት አንድ ባል «ራሴን አላውቅም ነበር» አለኝ። ቀደም ብሎ ሲያወራ ግን በድብደባው መሀል ስልክ እንደጠራ ነግሮኝ ነበር። ማን ነበር የደወለው አልኩት። «አለቃዬ።» አነሳኸው? «አዎ።» ምን ብለህ? ዝም አለ። ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አቤት ጋሼ ነው ያልኩት» አለኝ።

ራሱን የማያውቅ ሰው «አቤት ጋሼ» አይልም። ሰውየው እጁን ሰብስቦ፣ ድምፁን አስተካክሎ፣ ለአለቃው የሚገባውን አክብሮት ሰጥቶ፣ ስልኩን ዘግቶ ወደ ሚስቱ ተመልሷል። ያን ቀን የተረዳሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አማችዎም ባንክ ቤት ነው የሚሠራው። የባንክ ቤት ሥራ ደግሞ ያናድዳል። ደንበኛ ይሳደባል፣ ሥራ አስኪያጅ ይቆጣል፣ ሒሳብ አልዘጋ ብሎ ያመሻል። እዚያ ግን ማንንም መትቶ አያውቅም። ቢመታ በነጋታው ሥራ እንደሌለው ያውቃል። ፖሊስ እንደሚመጣ ያውቃል። ሚስቱን ሲመታስ ማን ይመጣል? እርስዎ ነዎት የሚመጡት። ይህን የምለው ልጎዳዎት አይደለም። ምላሼ በሙሉ እዚህች ላይ ስለተንጠለጠለ ነው። ንዴት ሁላችንም አለን። እጅ የሚያነሳው ሰው ግን የሚያነሳው ቢያነሳ ምንም በማይመጣበት ሰው ላይ ነው። ምንም እንደማይመጣበት የሚነግረውም በዙሪያው ያለው ሰው ነው።

«የተማረ፣ የማይጠጣ» ማለትዎ የብዙ ሰው ግራ መጋባት ነው። ምክንያቱ መጠጥ፣ ድህነትና አለመማር ይመስለናል። ሦስቱም ነገሩን ያባብሳሉ፤ ይህ እውነት ነው። ባል ሰክሮ በሚገባበት ቤት ዱላ እንደሚበዛ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ትምህርትም በብዙ ቦታ ይቀንሰዋል። ግን ጠጥቶ የማይመታ ስንት አለ? ሳይጠጣ የሚመታስ? ሰካራሙም ቢሆን መንገድ ላይ ፖሊሱን፣ ጎረቤቱንና ዘበኛውን ሁሉ አልፎ ቤቱ ገብቶ ነው የሚመታው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች 24 ሺህ ያህል ሴቶችን ያነጋገረ ጥናት አሠርቶ ነበር። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከአገራችን የተጠናው ቡታጅራና ዙሪያው ነው። እዚያ ወደ 3 ሺህ ሴቶች ተጠየቁ። አግብተው ወይም ጓደኛ ኖሯቸው ከሚያውቁት መካከል 71 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ከባል ወይም ከጓደኛ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ይህ ነበር። ዝቅተኛው የተገኘው በጃፓን ከተማ ነው፤ 15 በመቶ።

ይህን ቁጥር ይዞ የቡታጅራን ሰው የሚወቅስ ሰው አጋጥሞኛል። ተሳስቷል። ቡታጅራ የተመረጠችው ለረጅም ዓመታት የጤና ጥናት ሲካሄድባት የቆየች ቦታ ስለሆነች ነው። እኔን የሚያነጋግረኝ በ15 እና በ71 መካከል ያለው ርቀት ነው። መማታት የወንድ ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ የትም ይቀራረብ ነበር። የጃፓን ወንድም ወንድ ነው። ይናደዳል። ይጠጣል። 15 በመቶ እዚያም ቀላል አይደለም። ግን አንዱ ቦታ ላይ ከሰባት ሴቶች አንዷ፣ ሌላው ቦታ ላይ ከአሥር ሰባቷ ከሆነች ልዩነቱን ደም ውስጥ አናገኘውም። በኑሮው፣ በሕጉና ሰው በሚለው ነገር ውስጥ ነው የምናገኘው።

ሰው ምን ይላል? በአገራችን በየጥቂት ዓመቱ የሚሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህንኑ በቀጥታ ይጠይቃል። ባል ሚስቱን በአምስት ምክንያቶች ቢመታ ትክክል ነው ወይ ይላል። ወጥ ካሳረረች። ከተከራከረችው። ሳትነግረው ከወጣች። ልጆቹን ችላ ካለች። አብራው መተኛት እምቢ ካለች። እ.ኤ.አ. በ2000 ከተጠየቁት ሴቶች 85 በመቶ ያህሉ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት መምታቱ ትክክል ነው ብለዋል። በ2016 ቁጥሩ ወደ 63 በመቶ ወርዷል። በዚያው ዓመት ወንዶቹ ሲጠየቁ 28 በመቶ ብቻ ናቸው አዎ ያሉት።

ወንዶች ይህን ሲሰሙ «አየሽ፣ ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው የሚፈልጉት» ይሉኛል። ቁጥሩን እንዲህ ማንበብ ያሳዝነኛል። ዱላ የምትፈልግ ሴት አላየሁም። ያየሁት የቤቱን ሕግ በልጅነቷ የተማረች ሴት ነው። እናቷ ስትመታ አይታለች። ምክንያቱን ጠይቃ «ወጡ አርሮ ነው» ተብላለች። እንግዲህ ወጡ እንዳያር መጠንቀቅን ተማረች። ሕጉን ካወቀች ልታመልጠው የምትችል ይመስላታል። ስትመታ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄዋ «ምን አጥፍቼ ነው?» ይሆናል። ጥፋቱን ከራሷ ካገኘችው የምታስተካክለው ነገር አላት ማለት ነው። ይህ ተስፋ ነው፤ የውሸት ተስፋ ግን ነው። አብሳይዋ ጎበዝ በሆነችበት ቤት ደግሞ ሌላ ምክንያት ይመጣል።

ከዚህ ጋር የእርስዎን «አፏ ትንሽ ኃይለኛ ነው» ላያይዘው። ጋሼ፣ ለምን ጻፉት? ልጅቷን እንደሚወዷት ደብዳቤው ሁሉ ይናገራል። እንደዚያም ሆኖ የተሰበረ እጇን ከመንገርዎ በፊት የአፏን ጥፋት አስቀደሙ። ሚዛን ለመጠበቅ ብለው ነው፤ ይገባኛል። ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ማየት አለበት ተብሎ ነው ያደግነው። ነገር ግን አፍ በአፍ ይመለሳል። ለአፍ የአጥንት ስብራት ዋጋ ተቆርጦለት አያውቅም።

ደብዳቤዎን እንደገና ያንብቡት። «ተጣሉ» ይላል። «ተጋጭተው ከንፈሯ ደማ» ይላል። «ከደረጃ ወደቀች» ይላል። ለሰባት ዓመት በነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ የመታ ሰው የለም። ከንፈሩ ራሱ ደማ፤ እሷ ራሷ ወደቀች። «እጇን ሰበረው» የምትለው ብቻ ነች አድራጊውን የምትጠራው። እርስዎ የቋንቋ ሰው ነዎት፤ መምህር ነበሩ። «ተጣላ» የሚለው ግስ ሁለት ሰው ይፈልጋል። «እርቅ»ም ሁለት ጥፋተኛ ይፈልጋል። አንዱ መትቶ አንዷ የተመታችበትን ነገር የባልና ሚስት ጠብ ካልነው ገና ከመቀመጣችን ጥፋቱን ለሁለት ከፈልነው ማለት ነው። «ነካ አደረጋት»፣ «ገሰጻት»፣ «ቆንጠጥ አደረጋት» የሚባሉትም እንዲሁ ናቸው። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» የሚለውን ተረት እኔ ሰርግ ላይ ሲባል ሰምቻለሁ። ሙሽራዋ ፊት። ሰው ሳቀ። ሙሽራውም ሳቀ። ያን ዕለት ያልሳቀ ሰው ቢኖር ኖሮ ሙሽራው ያስተውለው ነበር።

ሕጉም የራሱ ድርሻ ነበረው። እርስዎ ያገቡት ምናልባት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን ነው። ያ ሕግ በቁጥር 635 ላይ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስትም በሕጋዊ ትእዛዙ ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይል ነበር። የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ መንግሥት ራሱ በጽሑፍ «አንተ አዛዥ፣ አንቺ ታዛዥ» ሲል ኖሯል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ልጅ የጠለፈ ሰው ካገባት ከክስ ነፃ ያወጣው ነበር። ጠላፊው ሽማግሌ ይልካል። አባት ይለመናል። ልጅቷ አትጠየቅም።

እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ገደለችው። ያኔ ገና ከተቋቋመ አንድ ዓመት የሆነው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ጠበቃ ሆነላት። ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ ነፃ አወጣት። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጠመንጃውን ነው። እኔ የማስበው ሽማግሌዎቹን ነው። ጠለፋ በዚያ አገር እንደ ልማድ የኖረው የሚያስታርቅ ስለማይጠፋ ነበር።

አሁን ያለው የወንጀል ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ እየሠራ ነው። በአንቀጽ 564 ላይ በትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በስሙ ጠርቶ ያስቀጣል። ጠለፋም ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ያሳስራል፤ ጋብቻም አያድነውም። ክፍተት ግን አለው። የአስገድዶ መድፈሩ አንቀጽ፣ 620፣ የሚናገረው ከጋብቻ ውጭ ስለሚፈጸመው ነው። ሚስትን በግድ መተኛት እንደ መድፈር አይቆጠርም። ይህን ሳስረዳ ሴቶች ፊት ላይ የማየውን ነገር በቃል ማስቀመጥ አልችልም።

«ታዲያ ለምን ትታው አትወጣም?» የሚለውን ጥያቄ እርስዎ አልጠየቁም። አመሰግናለሁ። ሌላው ሁሉ ግን ይጠይቀዋል። ስለዚህ ትንሽ ልበል። ወጥታ የት ትሂድ? የቤት ኪራይ ይታወቃል። ብቻዋን ልጅ ይዛ ለመጣች ሴት ደግሞ አከራዩ ሁለት ጊዜ ያስባል። እናቷ ቤት ብትሄድ «ባሏን ጥላ መጣች» ይባላል። «ፈት» የሚለው ቃል ወንድን የሚያሳፍርበትን ቀን አላየሁም፤ ሴትን ግን በቀብር ላይ ሳይቀር ይከተላታል። ገንዘቡ በእሱ እጅ ነው። ልጁን ይወስድብኛል ብላ ትፈራለች። ከዚህ ሁሉ በላይ ይወደኛል ብላ የምታስበው ዘመድ ሁሉ «ቻይው» ብሏታል። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛው ያህል እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልነገሩም። ከተናገሩት ደግሞ ብዙዎቹ የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተሰብ ነው። ፖሊስ ጋ የደረሱት ጥቂት ናቸው። ማለትም ለአብዛኛዋ ሴት ችሎቷ እርስዎ ነዎት።

አሁን «እኛስ ጥፋት አለብን?» ወደሚለው ልምጣ። አዎ ጋሼ፣ አለብዎት። የመታት እሱ ነው፤ የመምታቱ ኃላፊነት ከእሱ ላይ አይነሳም። ግን እስቲ ሦስቱን ሽምግልና በእሱ ዓይን ይዩት። መጀመሪያ መታ። ትልልቅ ሰዎች መጡ፤ ቡና ተፈላ፤ «ሁለታችሁም ይቅር ተባባሉ» ተባለ። እሷም አፏን እንድትሰበስብ ተመከረች። ስለዚህ የጥፊ ዋጋ አንድ ከሰዓት በኋላና አንድ ይቅርታ መሆኑን አወቀ። ሁለተኛ ደም አየ፤ ዋጋው ያው ነው። ሦስተኛ ከደረጃ ገፋት፤ ዋጋው አልጨመረም። አራተኛ እጇን ሰበረ። አሁን እሁድን እየጠበቀ ነው።

ሽምግልናን እወዳለሁ። አያቴ ሽማግሌ ነበሩ። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን አስታርቆ አብሮ ያስበላ ሥርዓት ነው። ግን የሚሠራው ሁለቱ ወገኖች በነፃነት መናገር ሲችሉ ነው። የወንድምዎ ልጅ እሁድ ዕለት ምን ትላለች? ማታ አብሯት የሚገባው ሰው አጠገቧ ተቀምጧል። እውነቱን ብትናገር ዋጋውን ሌሊት ትከፍላለች። ዝም ብትል «እሷም አልካደችም» ይባላል። ብታለቅስ «ትወደዋለች» ይባላል። እኩል ባልሆኑ ሰዎች መካከል ሲሆን እርቁ የሚያረጋጋው ጠንካራውን ነው።

ባህላችን ራሱ ሌላ መንገድ አያውቅም እንዳይሉኝ። አርሲ ውስጥ ከጠለፋው ጎን ሲንቄ የሚባል ሥርዓት ነበር፤ ዛሬም አለ። ሙሽራ ስትዳር ቀጭን በትር ይሰጣታል። ባል ሚስቱን ሲበድል፣ በተለይ በአራስነቷ እጅ ሲያነሳባት፣ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው እየጮሁ ይወጣሉ። ሥራ ይቆማል። እንጀራ አይጋገርም፤ ከብት አይታለብም። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ የሚቀመጡት ግን በዳዩን ለመጠየቅ ነው። ካሳ ይከፍላል። እሷ «አንቺስ ምን ብለሽው ነው?» አትባልም። ከጉራጌ ምድር ደግሞ የቃቄ ወርድወት በጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ሚስትም ባሏን የመፍታት መብት ይኑራት ብላ እንደተከራከረች ይነገራል። ይህ ከሆነ ከ100 ዓመት በላይ አልፎታል። «ቻይው» ብቻ አይደለም የወረስነው።

እንግዲህ እሁድ። የእኔ ምክር ሽምግልናውን ይሰርዙት ነው። ዘመድ ይቆጣል። ይቆጣ። «የተሰበረ አጥንት ላይ ሽማግሌ አልቀመጥም» ይበሉ። እርስዎ የዕድር ዳኛ ነዎት፤ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር እርስዎ ሲሉትና እኔ ስለው አንድ አይደለም። እኔ ብለው «ዘመናዊ ሴት» ይሉኛል። እርስዎ ሲሉት ሰፈሩ ያስባል።

ከዚያ ልጅቷን ለብቻዋ ያነጋግሯት። እሱ በሌለበት፣ አማትም በሌሉበት፣ ቢቻል ልጁም በማይሰማበት። ምክር አይጀምሩ። «ምን ላድርግልሽ?» ብለው ይጠይቋትና ዝም ይበሉ። ዝምታው ከከበደዎት እንኳ ይታገሡት። ምናልባት መጀመሪያ ቀን ምንም አትልም። ሦስት ጊዜ ነግራችሁ ሦስት ጊዜ መልሳችኋታል፤ አራተኛ ጊዜ ለማመን ጊዜ ያስፈልጋታል።

አንድ ነገር ግን ያን ቀን ሳይጠይቁ አይውጡ። አንገቷን አንቆ ያውቃል? ያሳፍራል፤ ይጠይቁ፤ ወይም ባለቤትዎ ይጠይቋት። አንቆ የሚያውቅ ባል በኋላ የመግደል አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ቢላ ወይም መሣሪያ አሳይቷት ያውቃል? «ብትወጪ እገድልሻለሁ» ብሏል? አንዱ እንኳ አዎ ከሆነ ነገሩ የቀናት ጉዳይ ነው። ይህንም ይወቁ፤ ለሴት አደገኛው ጊዜ ለመውጣት የወሰነችበት ጊዜ ነው። ስለዚህ እሱ እንዳይሰማ። ለአክስቷም አሁን አይነገር። አሜሪካ የተወራ ነገር በቴሌግራም አመሻሽ ላይ እዚህ ይደርሳል።

እጇ ሲታከም ሐኪሙ ምን ጻፈ? «ወድቃ» ከተባለ ተመልሳ እውነቱን ታስመዝግብ። የሕክምና ማስረጃ ሳይኖር ክስ ይከብዳል። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ የሴቶችና ሕጻናት ጉዳይ የሚመለከተውን ክፍል ጠይቁ። በር ላይ «የቤት ጉዳይ ነው፤ ተስማሙ» የሚል ሰው ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ያኔ ነው የእርስዎ ሽበት የሚያስፈልገው። «ሽማግሌው እኔ ነኝ፤ አልተስማማንም» ይበሉ። አንቀጽ 564ን በቃልዎ ይያዙት። ወሲባዊ ጥቃትም ካለ አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉንና የሥነ ልቦና ምክሩን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት በዚህ ጊዜ ነገ የሚባል ነገር የለም።

የሕግ ምክር ከፈለገች የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማህበር በነፃ ይሰጣል። መጠለያ ካስፈለጋት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር ሴቶችን ከነልጆቻቸው ይቀበላል። ገንዘቡን በተመለከተም አንድ ነገር ይንገሯት፤ ብዙ ሴቶች ስለማያውቁት። በትዳር ዘመን የተፈራ ንብረት በእሱ ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ የግሉ መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ ነው። በፍቺ ጊዜ እኩል ነው የሚካፈሉት። የልጁ ቀለብም አለ። «ባዶ እጅሽን ትወጪያለሽ» ብሏት ከሆነ ዋሽቷታል።

እሱንስ? ያነጋግሩት፤ ግን እሷ ደህና ቦታ ከገባች በኋላ። ለድርድር አይሂዱ። «ለምን መታሃት?» ብለውም አይጠይቁት፤ ለምን ካሉት ምክንያት ይሰጥዎታል፤ ምክንያቱ ደግሞ ሁሌም እሷ ነች። «ታናድደኛለች» ሲልዎ «ባንክ ቤትም ያናድዱሃል» ይበሉት። ከዚያ ሦስት ጊዜ ሳይነግሩት የቀሩትን ይንገሩት፤ ያደረገው ወንጀል እንደሆነ፣ እርስዎ እንደማይሸፍኑለት፣ ፍርድ ቤት ከተጠሩም ያዩትን እንደሚመሰክሩ። ሰው ሊለወጥ ይችላል። ተለውጠው ያየኋቸው ግን ጥፋቱን ያለ «ግን» የተናገሩና በሕግም በዘመድም ፊት ዋጋ የከፈሉ ናቸው። በይቅርታ ብቻ የተለወጠ አላየሁም።

ስለ ልጁም ልጨምር። አራት ዓመቱ ነው፤ «ገና ነው፣ አይገባውም» እንዳይሉ። አባቷ በእናቷ ላይ እጅ ሲያነሳ ያየች ሴት ልጅ አድጋ ራሷ የመመታት ዕድሏ እንደሚጨምር ጥናቶች አሳይተዋል። ወንዱም መምታትን ይማራል። እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቀጥሎ የሚማረው ነው። እናቱ ተመታች፤ ትልልቅ ሰዎች መጡ፤ ቡና ጠጡ፤ አባባን እጁን ጨበጡት፤ ሄዱ። ሦስት ጊዜ አይቷል።

ከእሁድ በፊት ይደውሉላት። ባሏ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ይሁን። «ሽምግልናው ቀርቷል» ይበሏት። «መታወቂያሽን፣ የጋብቻ ወረቀትሽን፣ የልጁን የልደት ካርድና የሕክምና ወረቀትሽን ለባለቤቴ ስጫት፤ እኛ ጋ ይቀመጥ» ይበሏት። የቤትዎን ትርፍ ቁልፍም ለመላክ ያዘጋጁ። በሌሊት ብትመጣ ማንኳኳት እንዳይኖርባት።